አናጢውና የማበጠሪያው ፓርቲ

የማበጠሪያው ፓርቲ የተመሠረተው በዝናብ ምክንያት ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ፖለቲካ የሚገባቸው ሰዎች አንድ ቀን ታሪኩን በደንብ ይጽፉት ይሆናል። እነሱ ሲጽፉ ግን ሊቀመንበሩንና የምክር ቤቱን ወንበር እንጂ አናጢውን የሚያነሡ አይመስለኝም። ስለዚህ እኔ እንደምንም ብዬ ስለ አናጢው ልጻፍ።

አናጢው የሚኖሩት ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቤታቸው ረዥም ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤት፣ የኋለኛው መኖሪያ። በሁለቱ መካከል ያለውን በር፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ክፍት ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ሰጋቱራህን እዚያው ከወንድሞቹ ጋር ተወው፤ እኔ ጋ እንዳይመጣ" ይሏቸው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ሰጋቱራው በመጀመሪያ ደፉን ተሻገረ፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ወጣ፤ በመጨረሻ አልጋው ሥር ገብቶ ተኛ። አናጢው አልጠረጉትም። አንድ ቀን መጥረጊያ ይዤ ብሄድ፣ "ተወው፤ እሱም ይምጣ። ሌላ ማን ይመጣል?" አሉኝ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልኩ ቤታቸው ውስጥ በደንብ ስለማይሰማ፣ መንገዱን ተሻግረው እኔ በር ላይ ቆመው ነው የሚያናግሯት። የእሷ ድምፅ ከስልኩ እየሾለከ ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ሰው ይመጣል?"

"ይመጣል እንጂ! ኧረ ቤቱ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል!" ይላሉ ጮክ ብለው።

ከዘጉ በኋላ ስልኩን ቶሎ ኪሳቸው አይከቱትም። እጃቸው ላይ እንደያዙት ትንሽ ይቆማሉ። እኔም እስክሪብቶ የምደረድር መስዬ አቀረቅራለሁ።

በአናጢው ደጃፍ ላይ ድሮ የአውቶቡስ ፌርማታ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለምን እንደሆነ ሳይነግረን አንሥቶ ከገበያው ወዲያ ወሰደው። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ዕቃ የተሸከመ ሁሉ ዳገቱን በእግሩ ይወጣው ጀመር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የመረረን ሰዎች ፌርማታው የነበረበት ቦታ ላይ ተሰበሰብን። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ድንጋይ ላይ ወጥተው "ወገኖቼ! ድር ቢያብር..." ከማለታቸው ዝናቡ ዱብ አለ። አንበሳው ሳይታሰር ሁላችንም ሮጥን። የቀረበው ጣራ የአናጢው ስለነበር እየተጋፋን ገባን።

አናጢው መላጊያቸውን እንደያዙ ቆመው አዩን። ቤቱ ባንድ ጊዜ በእርጥብ ልብስ ሽታና በጫጫታ ሞልቷል። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መላጊያውን አስቀምጠው፣ ሁለት ሳጥን አቀራርበው ጣውላ አጋደሙበትና፣ "ተቀመጡ እንጂ! ቆሞ የሚመካከር ሰው የት አገር አለ?" አሉ። ከዚያ ሻይ ጣዱ። ዝናቡ ቶሎ አባራ፤ ሻዩ ግን ገና አልፈላም ነበርና ማንም አልወጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ስንመለስ በሳጥኖቹ ፋንታ የተላገ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ አግዳሚ ወንበር አገኘን። በሌላው እሑድ ሁለተኛ ተጨመረ።

ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ "እናንተ ማን ናችሁ? ማንን ወክላችሁ ነው?" ብለው መለሱን። መምህሩ በጣም ተናደዱ። "ማን ናችሁ ካሉን ማን እንደሆንን እናሳያቸዋለን። ፓርቲ እንመሠርታለን!" አሉ።

"ወይ ጉድ! ፌርማታ ፍለጋ ወጥተን ፓርቲ ይዘን ልንገባ?" አለች ነርሷ። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ መርፌ ስትወጋ እጇ ቀላል ነው ይባላል፣ በአፏ ስትወጋ ግን ያማል።

ሳቅን፤ ግን መሠረትን። መምህሩ ሊቀመንበር፣ ነርሷ ምክትል ሆኑ። እኔ ወረቀት ሻጭ ስለሆንኩ ብቻ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተባልኩ። አናጢውን ምን እናድርጋቸው ሲባል "እኔ ቤቱን እከፍታለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፤ ሌላ ሹመት አልፈልግም" አሉ።

መተዳደሪያ ደንቡ የጸደቀ ዕለት የሆነውን ነገር በደንብ መናገር አለብኝ፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። መምህሩ እያነበቡ አንቀጽ ሰባት ላይ ደረሱ። "ማንኛውም ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል" አሉ። ጊዜው መሽቶ ስለነበር ሰው ወደ መጨረሻው መቁነጥነጥ ጀምሯል። አናጢው እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ጠረጴዛ ሦስት እግሩ እኩል ሆኖ አንዱ ቢያጥር፣ አብላጫው እኩል ነው ብዬ ለባለቤቱ ላስረክበው?"

"እንዴት ያስረክባሉ ጋሼ! ይወላገዳል እንጂ።"

"እንግዲያው አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ ነገሩ አይለፍ። ሁሉም እስኪስማማ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ማን ያባርረናል?"

ተጨበጨበ። መምህሩ "ይህ ነው ጥበብ!" ብለው አንቀጹን እዚያው ሰረዙትና አናጢው እንዳሉት ጻፉት። እኔ ግን አናጢው አጠገብ ነበርኩ። ያን ሲናገሩ ዓይናቸው ያረፈው መምህሩ ላይ ሳይሆን፣ ጃንጥላዋን ይዛ ብድግ ያለችው ነርስ ላይ ነበር። ነርሷ ጃንጥላዋን መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ተቀመጠች። አናጢው ቀና ብለው ሌላ ሻይ ሊጥዱ ሄዱ።

አንቀጽ ሰባት ዕድሜያችንን በላው። ለፓርቲው ስም ለማውጣት ብቻ ክረምቱ አለቀ። አንዱ ሲስማማ አንዱ ያፈነግጣል፤ የተኮራረፉት ሲታረቁ የታረቁት ይጣላሉ። በመጨረሻ "የነዋሪዎች ስምምነት ፓርቲ" ተባልን፤ ስሙን ያወጣው ድካም ነው። ከሁላችንም ያላስቸገረው ዝምታ ብለን የምንጠራው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ መጨረሻ ላይ "ተስማምቻለሁ" ይልና ኮፍያውን ያደርጋል። ከዚህ ቃል ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም።

"ዝምታ ወርቅ ከሆነ ይህ ሰውዬ ባንክ ቤት ነው" ትላለች ነርሷ።

የምርጫ ምልክት ልንወስድ ስንሄድ ዘግይተናል። በስም ስንጨቃጨቅ ሌሎቹ ያማሩትን ሁሉ ወስደው ባልዲ፣ ድስትና ማበጠሪያ ብቻ ቀርቷል። ባልዲ ብንወስድ "ባዶ" ይሉናል፣ ድስት ብንወስድ "ሆዳሞች" ይሉናል እየተባለ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ማበጠሪያ ላይ ወደቅን። መምህሩ ጭራሽ ፀጉር የላቸውም።

"እኔ ማበጠሪያ ይዤ ሕዝብ ፊት ልቁም?" አሉ ራሳቸውን እየዳበሱ።

"መምህር፣ እርስዎ እኮ የሚታገሉት ለራስዎ ጥቅም እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል" አለች ነርሷ። መምህሩም ስቀው ተስማሙ።

አናጢው የሰው ቁመት የሚያህል ማበጠሪያ ከጣውላ ሠሩ። እያንዳንዱን ጥርስ ለብቻው ሞርደው፣ አለስልሰው፣ ቫርኒሽ ቀቡት። ለቅስቀሳ ተሸክመነው ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች "ማበጠሪያዎች መጡ! ቅማል ያለበት ይሸሽ!" እያሉ ይከተሉን ነበር። አናጢው በማበጠሪያው አንድ ጫፍ፣ ዝምታ በሌላው ጫፍ ሆነው ይሸከማሉ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አላየሁም።

ቤታቸው ተለወጠ። ሰጋቱራውን ጠረጉት። ብርጭቆ ገዙ። አዲስ አባል ይመጣል በተባለ ቁጥር ሰውየው ሳይመጣ አግዳሚው ይደርሳል። አንድ እሑድ ልጃቸው ስትደውል ቆም ብለው እንኳ አላናገሯትም፤ "ልጄ፣ ኋላ ደውይልኝ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል!" ብለው ዘጉ። ያን ቀን የተናገሩት እውነት ነበር።

ሁላችንም ከወጣን በኋላ ግን፣ መደብሬን ስዘጋ በመስኮታቸው አያቸዋለሁ። ብርጭቆዎቹን አያነሡም። እያንዳንዱን ብርጭቆ ሰው በተወበት ቦታ፣ አግዳሚው ላይ፣ መሬት ላይ፣ የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይተዉታል። እሳቸው አንዱ ጥግ ይቀመጣሉ። ብርጭቆዎቹ የሚታጠቡት በማግስቱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት ጠበቃ ገባ። ፈጣን ልጅ ነው፤ እኛ አንድ ሐሳብ ስናኝክ እሱ ሦስቱን ውጦ ይጠብቀናል። ለወረዳው ምክር ቤት አቀረብነው። ማንም ሳያስበው፣ እኛም ጭምር ሳናስበው፣ ለጥቂት አሸነፈ። መምህሩ አለቀሱ። አናጢው ማበጠሪያውን አቅፈው ከዝምታ ጋር ዞሩበት።

ያ ድል ነው ነገሩን ያበላሸው። በከተማው መሐል የራሱ ሕንፃ ያለው ትልቅ ፓርቲ "ከእኛ ጋር ተዋሐዱ" አለን። ጠበቃው ቆሞ አስረዳን። ከተዋሐድን የምክር ቤቱ ወንበር ብዙ ይሆናል፤ ፌርማታው ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። በምትኩ ምልክታችንን እንተዋለን፤ አንቀጽ ሰባት ይሰረዛል፤ ስብሰባውም በእነሱ ሕንፃ ይሆናል።

"ማበጠሪያውን ለመምህር በቅርስነት እንሰጣለን" አለች ነርሷ። ሰው ሳቀ። እጅ አውጡ ተባለ። የሁሉም እጅ ወጣ። ዝምታም "ተስማምቻለሁ" አለ። የአናጢው እጅ ግን ጉልበታቸው ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ አልሰሙም?" አላቸው ጠበቃው።

"ሰምቻለሁ። አልተስማማሁም።"

"ምክንያትዎን ይንገሩና?"

"እያሰብኩበት ነው። እስኪ እንነጋገር።" ተነሥተው ሻይ ጣዱ።

እንግዲህ በራሳችን ሕግ ታሰርን። አንድ ሰው ካልተስማማ አይለፍ ብለናል፤ ስለዚህ እሳቸውን ማግባባት ግድ ሆነ። እሑድ ብቻ መምጣታችን ቀርቶ ረቡዕም ዓርብም መምጣት ጀመርን። ጠበቃው ከምክር ቤት ሲወጣ ይመጣል። መምህሩ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ስለ ወንዞችና ገባሮቻቸው ምሳሌ ያመጣሉ። ከዚያ በፊት ለብቻዋ መጥታ የማታውቀው ነርስ ከሥራ መልስ ጎራ ትላለች። በአናጢው ቤት እንደዚያ ሰው ተመላልሶ አያውቅም። እሳቸውም ሁሉንም በጥሞና ያዳምጣሉ፤ ይጠይቃሉ፤ "ይሄኛው ነገርህ ጥሩ ነው፤ ነገ ጨርስልኝ" ይላሉ። ሌላ አግዳሚ ጀመሩ።

ነገሩ ጣፋጭ ሆኖ አልቆየም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰው ኮቱን ማውለቅ መተዉን ነው። ከዚያ ሻዩ ሳይነካ ይቀዘቅዝ ጀመር። እርስ በርሱ የሚቀልድ ጠፋ፤ ሁሉም አናጢውን ብቻ ያያል። "በአንድ ሽማግሌ እጅ ታንቀን ቀረን" የሚል ከኋላ ተሰማ። አንድ ዓርብ ጠበቃው ትዕግሥቱ አለቀ።

"ጋሼ፣ አዛውንቶቹ በየቀኑ ያን ዳገት እየወጡ ነው! ይህ ፓርቲ ነው ወይስ የእርስዎ ሳሎን?"

መምህሩ "ኧረ ልጄ፣ ተው" አሉ በቀስታ። አናጢው ግን አልተቆጡም። ጥያቄው ልክ ቦታውን አግኝቶ እንደ ገባ ምስማር ሆነባቸው፤ አንዴ ጠበቃውን፣ አንዴ አግዳሚዎቹን አዩ። ሰዉም አንድ በአንድ፣ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ወጥቶ የሚያውቅ የለም።

ነርሷ ቀረች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማጠብ ስትጀምር፣ "ተያቸው፣ ነገ ይታጠባሉ" አሏት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ።"

"አንቺን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ? በይ።"

"አሁን የሚመጣው ሰው ወደ እርስዎ አይደለም የሚመጣው። ወደ እጅዎ ነው።"

አናጢው ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ጣታቸው ላይ የደረቀ ኮላ ነበር፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይልጡት ጀመር። ነርሷ አቀርቅራ ማጠቧን ቀጠለች። እኔም ወረቀቴን ሰበሰብኩ።

እሑድ ተሰበሰብን። ጠበቃው ቦርሳውን ገና እየከፈተ ሳለ አናጢው እጃቸውን አወጡ።

"ይናገሩ ጋሼ" አሉ መምህሩ።

"መናገሬ አይደለም። ተስማምቻለሁ።"

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልገባውም። ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ። ጠበቃው ዘሎ ትከሻቸውን ሳማቸው፤ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አላቸው። ከዚያ... ምን ይቀራል? የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ሰው ተነሣ። ሻዩ አልፈላም። በዚያ ቤት ከተደረጉት ስብሰባዎች ሁሉ አጭሩ ያ ነበር። አናጢው በር ላይ ቆሙ፤ እያንዳንዱ ሰው ሲወጣ እጃቸውን እየጨበጠ፣ አንዳንዱም እያቀፈ "ደህና ይዋሉ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን" አላቸው።

ነርሷ መጨረሻ ላይ ቀርታ "ምን አሳመነዎት?" አለቻቸው።

"እጄን ባወጣውም ባላወጣውም ትሄዳላችሁ" አሏት። "ካወጣሁት ግን ደህና ይዋሉ ብላችሁኝ ነው የምትሄዱት።"

አግዳሚዎቹ የፓርቲው ናቸው ብለው እሳቸው ራሳቸው ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ላይ ጫኗቸው። የአንዱ እግር መሬቱ ላይ የፈጠረውን ጠባሳ በጫማቸው ሲያሹት አየሁ፤ አልጠፋም። ማበጠሪያውን የሚፈልገው ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ።

ወደ አዲሱ ሕንፃ አንድ ጊዜ አብረን ሄደን ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ወንበሮቹ ለየብቻ የሚቀመጡባቸው ናቸው፤ ሰው ከሰው አይነካካም። አንዱ አነበበ፣ እጅ ወጣ፣ አብላጫ ተባለ፣ አለቀ። አናጢው ገና መደገፋቸው ነበር። ስንወርድ ደረጃው መሐል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና "ደረጃው ከስብሰባው ይረዝማል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልሄዱም። መምህሩም ጉልበታቸውን አመካኝተው ቀሩ። ነርሷ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ማን ተቀየመ ብትሉኝ ማንም አልተቀየመም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳቃለን፣ "መገናኘት አለብን" እንባባላለን።

ጠበቃው ቃሉን አላጠፈም። ፌርማታው ተመለሰ፤ በአናጢው ደጃፍ ላይ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ። እሳቸውም ያን ሳይጨርሱት የቀሩትን የመጨረሻ አግዳሚ ጨርሰው ውጭ፣ ከምልክቱ ሥር ተከሉት። ጠዋትና ማታ ይሞላል። ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ልጅ ያጠባሉ። አናጢው መላጊያቸውን እየገፉ በተከፈተው በር ያዳምጧቸዋል። ወሬው ሊጥም ሲል አውቶቡስ ይመጣና ሁሉም ብድግ ይላል።

ልጃቸው ስትደውል አሁንም እኔ በር ላይ ይቆማሉ።

"አባዬ፣ ሰው ይመጣል?"

አንድ እሑድ ግን ድሮ እንደሚሉት ጮክ ብለው አልመለሱላትም። "ይመጣል ልጄ፣ ብዙ ሰው ይመጣል" አሉ። ከዚያ "አይቆይም እንጂ" አሏት። እሷ ምን እንዳለች አልተሰማኝም። ብቻ ያን ቀን ስልኩ ከወትሮው ረዘመ።

ባለፈው ሰሞን ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ገቡ። ግን አልተንቀሳቀሰም። በሩ ክፍት ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል።

"ሹፌር፣ ንዳ እንጂ! ማንን ትጠብቃለህ?" አለ አንዱ ተሳፋሪ።

አናጢው ጫጫታውን ሰምተው መላጊያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። መሪው ላይ ያለው ዝምታ ነበር።

"አንተ! ምን ሆነሃል? ሰው አታስረፍድ፣ ሂድ እንጂ!" አሉት።

ዝምታ ክርኑን በመስኮቱ አወጣና አያቸው።

"አልተስማማሁም" አለ።

አናጢው ባሉበት ቀሩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተሳፋሪዎቹ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ አንዳንዱ አብሮ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተሳደበ። ከኋላ የቆመ መኪና ጥሩምባውን እስኪያቀልጠው ድረስ ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ መስኮት ላይ አንዱ አግዳሚ ላይ ሆነው፣ ሌላ ምንም ሳይነጋገሩ ቆዩ።

በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ዳገቱን ወጣ። አናጢው ወደ ቤት አልገቡም። መላጊያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሌላው አውቶቡስ እስኪመጣ እዚያው ተቀምጠው ነበር።